የኮድ ሰዎች የእጅ ሥራ፦ የሰባ አምስት ዓመት ቅኝት

በጥር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊነስ ቶርቫልድስ ለሊኑክስ አልሚዎች እንደ ወትሮው የሳምንቱን የሥራ መልእክት ላከ። ቶርቫልድስ በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ሰርቨሮችና የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩበትን ሶፍትዌር እምብርት በ1991 የጀመረ፣ እስከ ዛሬም የሚመራ ሰው ነው። በዚያ መልእክት ግን ከኮዱ ወሬ ጋር ሌላ ነገር አከለበት። በበዓሉ ዕረፍት የጊታር ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎችን ክፍላቸውን እየገዛ ሲገጣጥም እንደሰነበተ ገለጸ፤ ከአልሚዎቹም ለአንዱ በገዛ እጁ የበየደውን ፔዳል እንደሚሰጥ ቃል ገባ።

ቀኑን ሙሉ የማይዳሰስ ነገር ሲሠራ የሚውል ሰው ማታ የሚዳሰስ ነገር ቢናፍቅ አይገርምም ይባላል። ይህ ማብራሪያ ስሕተት የለበትም፤ ግን አይበቃም። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ የተከታተለ ሰው እጅ ከኮድ ቀድሞ እንደመጣ ያያል። የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮች ሽቦና መበየጃ የለመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ኮዱ የመጣው ከጠረጴዛቸው ነው። ሌላም ነገር ያያል። ይህ ልማድ በሰባ አምስት ዓመት ውስጥ አብቧል፣ ጠውልጓል፣ እንደገና አብቧል። ባበበበት ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው የሠራውን ዕቃ ንድፍ ለጎረቤቱ ሰጥቷል። የዕቃ መርከስም ረድቷል፣ ግን ንድፍ ከእጅ ወደ እጅ ባይዞር ኖሮ ርካሽ ቺፕ ብቻውን ይህን ታሪክ ባልሠራው ነበር።

ክሎድ ሻነን የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ በ1948 ባሳተመው ጥናት ነው። መረጃ እንደ ክብደትና እንደ ርዝመት የሚለካ ነገር መሆኑን ያሳየበት፣ ዛሬ ስልካችንም ኢንተርኔታችንም የቆመበት ጥናት ነው። ይኸው ሰው በ1950 በቤቱ፣ ከሒሳብ ባለሙያዋ ባለቤቱ ከቤቲ ጋር እየተጋገዙ፣ ቴሴዎስ ብሎ የሰየማትን አይጥ ሠራ። ከእንጨት የተቀረጸች፣ የመዳብ ጢም ያላት፣ ማግኔት የተሸከመች ትንሽ አይጥ ናት። የምትሄደው በ25 ካሬዎች የተከፋፈለና ግድግዳዎቹ እንደ ልብ በሚነቀሉና በሚተከሉ የብረት ሰሌዳዎች የታጠረ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጢሟ ግድግዳ ሲነካ ምልክት ይተላለፋል፤ ከጠረጴዛው ሥር በሞተር የሚገፋው ማግኔት ወደ ኋላ ይመልሳትና ሌላ አቅጣጫ ያስሞክራታል። እንዲህ እየዳበሰች ግቧን ታገኛለች። መልሰው መነሻዋ ላይ ቢያስቀምጧት ግን አንድም ግድግዳ ሳትነካ በቀጥታ ትደርሳለች። ግድግዳውን ነቅለው ሌላ ቦታ ቢተክሉባት ደግሞ እዚያው ላይ ፍለጋዋን እንደ አዲስ ትጀምርና አዲሱን መንገድ ትይዛለች። የምታስታውሰው አይጧ አይደለችም። ትውስታው ያለው ከጠረጴዛው ሥር በተደረደሩት የስልክ ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች) ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ ለመጨረሻ ጊዜ በየት በኩል እንደተወጣ የሚመዘግቡት እነርሱ ናቸው። ማሽን ከተሞክሮ ሊማር ይችላል የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ሊያየው በሚችል መልክ የቀረበው በቤት ውስጥ በተሠራች በዚህች አይጥ ነው።

ሻነን በዚህ አላበቃም። ኳስ የሚቀባበል ማሽን ሠርቷል፤ እሳት የሚተፋ መለከትም ሠርቷል። በ1961 ከሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕ ጋር የሩሌት ኳስ የት እንደምታርፍ የሚተነብይ፣ የሲጋራ ፓኮ የሚያህል፣ ልብስ ሥር የሚደበቅ ኮምፒውተር ሠሩ። ጊዜውን የሚለኩት ጫማ ውስጥ በተቀመጠ ማብሪያ በእግር ጣት እየነኩ ነበር፤ ውጤቱ በቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ በድምፅ ይደርሳል። ላስ ቬጋስ ድረስ ወስደው ሞከሩት፤ ሠራም፤ የጆሮው ሽቦ ግን እየተበጠሰ አስቸገራቸው። ሰው በገላው ላይ ተሸክሞት የዞረ የመጀመሪያው ኮምፒውተር እንደሆነ በሰፊው ይታመናል።

በእነዚያው ዓመታት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ፣ የአሻንጉሊት ባቡር የሚሠሩ ተማሪዎች ክበብ ነበር። የተመሠረተው በ1946 ነው። ከአባላቱ ገሚሶቹ ትንንሽ ባቡሮችና ዛፎች ሲቀቡ፣ ሌሎቹ ከጠረጴዛው ሥር ተኝተው የባቡሩን መስመር የሚያዝዘውን የሽቦና የሪሌ ጫካ ይዘረጉ ነበር። ዕቃው የስልክ ኩባንያዎች መለዋወጫ ነው። ከጠረጴዛ ሥር የዋሉት ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋሙ ኮምፒውተር ሲያገኝ ሌሊት ሌሊት ማሽኑን የሚቆጣጠሩት ሆኑ። በ1962 ስቲቭ ራስል ከጓደኞቹ ጋር ስፔስዋር የተባለውን የጠፈር ውጊያ ጨዋታ በፒዲፒ-1 ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ፣ መርከቦቹ የሚታዘዙት በማሽኑ ፊት ላይ ባሉት ማብሪያዎች ነበር። ክርን ያደክማል፤ አንደኛው ተጫዋችም ከሌላው ይልቅ ለስክሪኑ ይቀርባል። አላን ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ ወደ ባቡሩ ክበብ ክፍል ሄዱና ባገኙት እንጨትና ማብሪያ ሁለት የመቆጣጠሪያ ሳጥኖች ሠርተው መጡ። ዛሬ በየቤቱ ያለው የቪዲዮ ጨዋታ መቆጣጠሪያ ቅድመ አያቱ ይህ ሳጥን ነው። ጨዋታውን የጻፈውና መያዣውን የበየደው እጅ ከአንድ ክበብ የወጣ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ሁለቱ ሙያዎች ያኔ ገና አልተለያዩም ነበር።

ኮምፒውተሩን ራሱን ቤት ውስጥ መሥራት የሕልም እንጀራ ሆኖ የቆየው በዋጋ ምክንያት ነው። ያንን የሰበረው ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት የጥር 1975 ሽፋኑ ላይ ያወጣው አልቴር 8800 ነው። በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ የሚገኘው የኤድ ሮበርትስ ትንሽ ኩባንያ ከ400 ዶላር በታች የሚሸጠው የተበታተነ ዕቃ ነበር፤ ገዢው ራሱ በይዶ ይገጣጥመዋል። ሲያልቅ ኪቦርድ የለው፣ ስክሪን የለው። ፊቱ ላይ የማብሪያና የትንንሽ መብራቶች ረድፍ አለ፤ ማህደረ ትውስታው 256 ባይት ብቻ ነው። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ማሽን በአማርኛ ቢጻፍበት ሰማንያ አምስት ፊደል ያህል ብቻ ይይዝ ነበር።

መጋቢት 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ፣ በጎርደን ፍሬንች የመኪና ጋራዥ ውስጥ፣ ሠላሳ ያህል ሰዎች ይህን ማሽን ለማየት ተሰበሰቡ። የሆምብሩ ኮምፒውተር ክበብ የመጀመሪያ ስብሰባ ይህ ነው። ከቀጣዮቹ ስብሰባዎች በአንዱ ስቲቭ ዶምፒየር አልቴሩን ተሸክሞ መጣና መሬት ላይ አስቀምጦ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ፕሮግራሙን ማስገባት ጀመረ። እያስገባ ሳለ የአንድ ሰው እግር የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለበት፤ ማህደሩ ባዶ ሆነ፤ እንደገና ከሀ ጀመረ። ሲጨርስ ትንሽ ሬዲዮ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አኖረ። ከሬዲዮው የቢትልስ ዜማ ወጣ። አልቴር ድምፅ ማውጫ የለውም። ዶምፒየር በቤቱ ፕሮግራም ሲያስኬድ አጠገቡ የነበረው ሬዲዮ መንጫረሩን አስተውሎ ነበር፤ የማሽኑ ሽቦዎች የሚረጩት የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። የትኛው ትእዛዝ ምን ድምፅ እንደሚሰጥ እየሞከረ ለይቶ፣ ሁከቱን ወደ ዜማ ለወጠው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማሽኑን አምራቹ ላላሰበው ተግባር ማዋል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው አይመስለኝም።

ከዚያ ክበብ አባላት አንዱ ስቲቭ ዎዝንያክ ነበር። ቀን በሂውሌት ፓካርድ የካልኩሌተር ቺፕ ይነድፋል፤ ማታ የራሱን ኮምፒውተር። የኢንቴል 8080 ቺፕ በነጠላ 360 ዶላር ይሸጥ በነበረበት ወቅት ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ የተባለ ድርጅት 6502ን በ25 ዶላር አወጣ፤ ዎዝንያክም እሱን ያዘ። ትልቁ ችሎታው በአነስተኛ ቺፕ ብዙ ማሠራት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሌሎችን ኮምፒውተሮች ንድፍ በወረቀት ላይ እያሻሻለ፣ በቀደመው ቀን ከሳለው አንድ ቺፕ ሲቀንስ የሚደሰት ልጅ ነበር። የሠራውን ማሽን ንድፍ ፎቶ ኮፒ አድርጎ በክበቡ በነፃ ያድል ነበር። በ1976 አፕል 1 ተብሎ በ666.66 ዶላር መሸጥ የጀመረው ያ ማሽን ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ኩባንያዎች እጅግ ባለጸጋ ከሚባሉት አንዱ ከነፃ ፎቶ ኮፒ መነሣቱ በየጊዜው ሊነገር የሚገባው ነው።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ወጣቱ ቢል ጌትስ ለእነዚሁ የቤት ሠሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ለአልቴር የጻፍነውን ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሳትከፍሉ እየገለበጣችሁ ትጠቀማላችሁ፣ እንዲህ ከሆነ ማን ጥሩ ሶፍትዌር ይጽፋል የሚል አቤቱታ ነው። ጌትስ ልፋቱን መጠየቁ አግባብ ነበረው። ክበቡ ግን የራሱን መልስ በሥራ ሰጠ፤ ቶም ፒትማን ትንሹን ቤዚክ ጽፎ በ5 ዶላር ሸጠ፣ ገዢውም አላጉረመረመም። ሶፍትዌሩ ዕቃ ሆኖ መሸጥ፣ ዕቃው ደግሞ ተዘግቶ መምጣት የጀመረው ከዚህ ሰሞን ወዲህ ነው።

1980ዎቹ ለቤት ሠሪው አልተመቹም። እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክሌር በ1980 ዜድኤክስ80ን በ79.95 ፓውንድ ተበታትኖ፣ በ99.95 ፓውንድ ተገጣጥሞ አቅርቦ ስንቱን ልጅ ፕሮግራመር አድርጎታል። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ግን ሳጥኑን ለመክፈት እንኳ ረጅም ልዩ መፍቻ ይጠይቅ ነበር። ቺፖቹ እያነሱ ሄደው በዓይንና በእጅ የማይበየዱ ሆኑ። ከ1947 ጀምሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሳይቀር በቤት የሚገጣጠም ዕቃ ሲሸጥ የኖረው ሂትኪት በ1992 ገበያውን ዘጋ። ፕሮግራመርና መበየጃ ተለያዩ፤ አዲሱ ትውልድ ኮምፒውተርን ከስክሪኑ ወዲህ ብቻ ያውቀው ጀመር።

ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ በዩኒቨርሲቲዎች ጥግ ጥጉን ቆየ። በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ቢሯቸው ከኮካ ኮላ ማሽኑ ራቀ፤ ደረጃ ወርደው ማሽኑ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ገና የገባ ሙቅ ጠርሙስ ሲደርሳቸው ተሰላቹ። በስድስቱ የጠርሙስ ረድፎች ላይ ትንንሽ ማብሪያዎች ገጥመው ከዋናው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ጠርሙስ ገብቶ ሦስት ሰዓት ሲሞላው ፕሮግራሙ ቀዝቅዟል ብሎ ያሳውቃል። በኔትወርኩ በኩል ሌላ ከተማ ያለ ሰው ሳይቀር ፒትስበርግ ውስጥ ስንት ቀዝቃዛ ኮካ እንዳለ ማየት ይችል ነበር። በ1990 ጆን ሮምኪ በኢንተርኔት የሚታዘዝ የዳቦ መጥበሻ ለኮንፈረንስ ይዞ ቀረበ። በ1991 ደግሞ በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ በቡና ማፍያው ላይ ካሜራ ተከሉ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 128 በ128 ነጥብ ብቻ፣ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል የሚታደስ ነበር፤ ጀበናው ሙሉ ነው ወይስ ባዶ የሚለውን ለመመለስ ግን ይበቃል። በ1993 ወደ ዌብ ወጣና ዓለም የሚያየው ሆነ። በ2001 ካሜራው ሲጠፋ ማፍያውን የጀርመኑ ሽፒግል የኢንተርኔት ክፍል በ3,350 ፓውንድ ገዛው። ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች የነገሮች ኢንተርኔት እያሉ የሚሸጡት ሐሳብ ከእነዚህ ለስላሳና ቡና ወዳድ ተማሪዎች ጓዳ የወጣ ነው።

ሁለተኛው ማበብ የመጣው ከጣልያን ነው። ኢቭሬያ የምትባለው የሰሜን ጣልያን ከተማ የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና አገር ናት፤ የእኛም አገር ቢሮዎች ያንን ስም በደንብ ያውቁታል። በዚያ በተቋቋመ የዲዛይን ተቋም የሚማሩ ወጣቶች ኤሌክትሮኒክስ ሳያጠኑ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ መንደፍ ነበረባቸው፤ ለመማሪያ የነበረው የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩት ሰሌዳ ደግሞ ለተማሪ ውድ ነበር። ኮሎምቢያዊው ተማሪ ኤርናንዶ ባራጋን ለመመረቂያው ዋይሪንግ የተባለ ቀላል ሰሌዳና ቋንቋ ሠራ። በዚያ ላይ ተመሥርተው አስተማሪው ማሲሞ ባንዚና ዴቪድ ኳርቲዬዬስ፣ ከሌሎች ሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በ2005 አርዱዊኖን አወጡ። ስሙ የሚጠጡበት ቡና ቤት ስም ነው፤ ቡና ቤቱም በ1002 በጣልያን የነገሠውን አርዱዊኖን ያስታውሳል። የባራጋን ድርሻ ለብዙ ዓመታት ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ መቆየቱ የዚህ ታሪክ ቅሬታ ነው፤ ስለዚህ ስሙን አስቀድሜ ጻፍኩ።

አርዱዊኖን ያስፋፋው ኃይሉ አይደለም። ኡኖ የተባለው ታዋቂው ሰሌዳ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 2 ኪሎባይት ማህደር ብቻ ነበረው። ያስፋፋው ተቋሙ ሊዘጋ ሲቃረብ ሠሪዎቹ የወሰኑት ውሳኔ ነው። ሥራው ከተቋሙ ጋር እንዳይቀበር ንድፉን ከነሶፍትዌሩ ለሁሉም ለቀቁት፤ የፈለገ አምርቶ ይሽጥ፣ ስሙን ብቻ አይውሰድ አሉ። ቻይና ያሉ ፋብሪካዎች በጥቂት ዶላር ያመርቱት ጀመር። ኮድ የሚያውቅ ግን ኤሌክትሮኒክስ የማያውቅ ሰው በአንድ ምሽት መብራት ማብራት፣ ሞተር ማዞር፣ የአፈር እርጥበት መለካት ቻለ። ከ1984 በኋላ የተለያዩት ሁለቱ እጆች እዚህ ላይ ተገናኙ።

በዚያው በ2005 የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር አድሪያን ቦየር ሬፕራፕ የተባለውን ሥራ ጀመሩ፤ የራሱን ክፍሎች የሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር። ግንቦት 29 ቀን 2008 የመጀመሪያው ማሽን የራሱን ልጅ ክፍሎች አትሞ ልጁ ቆሞ ሥራ ጀመረ። ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር የሚያትመው ዘዴ የባለቤትነት መብት በ2009 ሲያበቃ ዋጋው ከአሥር ሺዎች ዶላር ወደ መቶዎች ወረደ። ከዚህ እንቅስቃሴ የወጣው የብሩክሊኑ ሜከርቦት መጀመሪያ ንድፉን ክፍት አድርጎ ከተጠቃሚዎቹ ብዙ ማሻሻያ ተቀበለ፤ በ2012 ግን አዲሱን ማሽኑን ዘጋ፣ በ2013 ስትራታሲስ ለተባለ ኩባንያ በ403 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የሰውን ነፃ ልፋት ወስዶ በሩን መዝጋት በእኔ እምነት ክህደት ነው። የቼኩ ዮሴፍ ፕሩሻ በተቃራኒው ንድፉን ለዓመታት ክፍት አድርጎ ማሽኑን በብዙ ሺህ ሸጧል፤ ስለዚህ መዝጋቱ የኑሮ ግዴታ ነበር የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም።

ራስበሪ ፓይ የመጣው ከሌላ ጭንቀት ነው። ኢበን አፕተን በካምብሪጅ ሳለ ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚያመለክቱት ልጆች እየቀነሱ መሄዳቸውን፣ የሚመጡትም እሱ በልጅነቱ ቢቢሲ ማይክሮ በተባለው ኮምፒውተር ይሠራ የነበረውን ያህል እንኳ ነካክተው እንደማያውቁ አየ። የካቲት 29 ቀን 2012 የመታወቂያ ካርድ የሚያህል፣ ሊኑክስ የሚያስኬድ ኮምፒውተር በ35 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ፤ የሻጮቹ ድረ ገጾች በዚያው ጠዋት በፍላጎት ብዛት ተዘጉ። በ2014 ደግሞ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ዋይፋይ ያለውን ኢኤስፒ8266 ቺፕ አወጣ፤ በጥቂት ዶላር ማንኛውም የቤት ዕቃ ከኔትወርክ ጋር መነጋገር ቻለ።

እስከዚህ ድረስ የተነሡት ሥራዎች ደስታን ወይም ምቾትን የሚፈልጉ ናቸው። ከ2013 በኋላ የሆነው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። በሲያትል የምትኖረው ዳና ሉዊስ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለባት። ቆዳዋ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር የስኳሯን መጠን በየአምስት ደቂቃው ይለካል፤ ስኳሩ ሌሊት ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ግን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት አልነበረም። ብቻዋን ለሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ይህ ሞት ሊሆን ይችላል። አምራቹ ድምፁን አልጨመረላትም፤ መረጃውን ከመሣሪያው አውጥታ ስልኳ ላይ በጩኸት እንድትሰማውም መንገድ አልነበረም። በሌላ ከተማ ጆን ኮስቲክ የተባለ የሶፍትዌር ሠራተኛ ለትንሹ ልጁ ተመሳሳይ ሴንሰር ተሰጥቶት፣ መሥሪያ ቤቱ ሆኖ የልጁን ስኳር ለማየት መረጃውን የሚያወጣ ኮድ ጽፎ ነበር። ኮዱን ለዳና አካፈላት። እርሷና ባለቤቷ ስኮት ላይብራንድ በዚያ ላይ የስኳሩ መጠን ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት እንደሚደርስ የሚተነብይ ፕሮግራም ጨመሩበት።

ቀሪው እርምጃ ኢንሱሊን የሚሰጠውን ፓምፕ ማዘዝ ነው። የቆዩ የሜድትሮኒክ ፓምፖች ከውጭ የሬዲዮ ትእዛዝ የሚቀበሉበት ክፍተት ነበራቸው፤ የደኅንነት ባለሙያዎች እንደ ጉድለት የቆጠሩት ክፍተት ነው። በዚያ በኩል፣ በትንሽ ራስበሪ ፓይ ተጠቅመው፣ በታኅሣሥ 2014 ፓምፑ ያለ ሰው እጅ መጠኑን ራሱ እንዲያስተካክል አደረጉት። ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው ንባቡን ይወስዳል፣ የሚመጣውን ይገምታል፣ የኢንሱሊኑን ፍሰት በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ሲጠራጠር ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ፓምፑ በተለመደው መደበኛ መጠን ይቀጥላል፤ ስሕተት ሲፈጠር ወደ ደኅናው ጎን እንዲያዘነብል ሆን ተብሎ የታሰበ ነው። በየካቲት 2015 ዘዴውን ኦፕንኤፒኤስ ብለው በነፃ አሳተሙት። መሣሪያውን ተሠርቶ የሚያገኝ ሰው አልነበረም፤ የፈለገ ሁሉ መመሪያውን አንብቦ፣ የሚሠራውን ተረድቶ፣ ለራሱ ይገጣጥማል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ፈቃድ ያላገኙ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አደጋ እንዳላቸው አስጠነቀቀ፤ ማስጠንቀቁም ሥራው ነው፣ ኢንሱሊን ሲበዛ ይገድላልና። ሆኖም በ2022 በኒውዚላንድ የተደረገ ጥናት ታዋቂ በሆነው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ከክፍት ንድፍ የተወለደው ዘዴ የሕመምተኞችን ስኳር በተሻለ ሁኔታ እንደሚቆጣጠር አሳየ። በጥር 2023 ያው አስተዳደር ከሕመምተኞቹ የቤት ሥራ ለመጣ ታይድፑል ሉፕ ለተባለ ሶፍትዌር ፈቃድ ሰጠ። በትርፍ ሰዓት የተሠራ ነገር ትርፍ ነገር ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

በእኛ አገር ዕቃን ከዕቃ የመሥራት ጥበብ አዲስ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ የተጣለ በርሜልና ብረት ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኮድንና ዕቃን የሚያገናኘው ክንፍ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ አይስአዲስ በተባለው የፈጠራ ማዕከል፣ ኋላም አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ወጣቶችን ጭምር ባሳተፈበት ሶልቭ አይቲ ውድድር ታይቷል። የምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን በአርዱዊኖ ሲሠሩ ዓመታት ሆነዋል፤ የመስኖ መቆጣጠሪያ፣ የእንቁላል ማስፈልፈያ፣ የበር መክፈቻ። የሚያሳስበኝ ከምረቃው በኋላ ያለው ነው። መሣሪያው መምህራኑ ፊት ይሠራል፣ ማርክ ያገኛል፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ የእንቁላል ማስፈልፈያ ከሀ ይጀምረዋል፤ ያንኑ ሴንሰር ያቃጥላል፤ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ሙያን በቤተሰብ ሚስጥር መያዝ በአገራችን አንጥረኞች ዘንድ ምክንያት ነበረው፤ ማኅበረሰቡ ንቆ ሲያገላቸው ሚስጥሩ የእንጀራቸው አጥር ነበር። ዛሬ ለአንድ የኮምፒውተር ተመራቂ ግን ያ ምክንያት የለም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ሆናችሁ ማታ ማታ የምትበይዱ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሠራችሁት ዕቃ ሲሠራ ፎቶ አንሥታችሁ ከማጋራታችሁ በፊት ንድፉን፣ የገዛችሁትን ዕቃ ዝርዝርና ዋጋውን፣ ያቃጠላችሁትን ቺፕ ጭምር፣ በአማርኛ ወይም በምትኖሩበት አካባቢ ቋንቋ ጻፉት፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንብቦ እንዲሠራው አድርጋችሁ ጻፉት። ለማንም በማይዘጋ ቦታ አስቀምጡት። የዳና ሉዊስን ሌሊት ያሳለፈላት የማታውቀው ሰው ያካፈላት ኮድ ነውና፣ የእናንተ የእንቁላል ማስፈልፈያ ንድፍ ለማን እንደሚደርስ ዛሬ ልታውቁ አትችሉም፤ ይድረስ እንጂ።